አሮጌ ቪኤክስ ላንድክሩዘርን በጎንደር ማቆየት፦ ከራዲያተር ክዳን እስከ ቆዳ ወንበር

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሜ ሠላሳ ዓመት የሞላው ላንድክሩዘር ቪኤክስ ሲያልፍ ካየሁ እስኪሰወር ድረስ ዓይኔን አልነቅልም። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ወንበሩ እንደ ሳሎን ሶፋ የሚያቅፍ ነው። የ80 ተከታታይ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ዋለ፤ በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ ቦታውን ለ100 ተከታታይ ለቀቀ። ላዩ የባለሥልጣን መኪና ነው፤ የቆዳ ወንበር፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ጣሪያ፣ የአየር ማቀዝቀዣ። ታቹ የጭነት መኪና አጥንት ነው፤ ወፍራም ሻንሲ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል፣ በአራቱም ማዕዘን ሞላ። እኔን የማረከኝ የእነዚህ የሁለቱ አብሮ መኖር ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ለዓመታት ሊይዘው ለተነሳ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለን አሮጌ መኪና ደህና አድርጎ መያዝ ከፍቅር ያለፈ ምክንያት አግኝቷል። ብዙ ሰው መኪናውን በገዛ ማግስት የሚሄደው ወንበር ሸፋኝና ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው፣ ቀጥሎ መኪናውን የሚያቆመው፣ ከዚያ ጎማውን የሚያዞረው፣ በመጨረሻ የሚያብረቀርቀው። ገንዘባችሁ መሐል ላይ ካለቀ የሚያብረቀርቀው ይቆይ። ከሚያብረቀርቀው ጀምራችሁ ገንዘቡ ካለቀ ግን መኪናው የወገራ አቀበት ላይ ይቆማል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ለሻጩ ስልክ ደውላችሁ «እኔ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳያስነሱት» ብላችሁ ለምኑ። ስትደርሱ ሰላምታው እንዳለቀ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ማለዳ ተመለሱ፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ሕመም ይሸፍናል። ቀዝቃዛው ሲነሳ ጭሱን ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ሆኖ ጥቂት ቆይቶ ከጠፋ ካንዴሌታው (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቀላል ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነውና የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለውን መቋጠሪያ) አስመርምሩ። ነዳጅ ስትረግጡት የሚወጣ ጥቂት ጥቁር ጭስ በዚህ ከፍታ አያስደንግጣችሁ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣው በቂ አየር አያገኝም።

የናፍጣ ሞተሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ናቸው። 1ኤችዜድ ቱርቦ የለውም። 1ኤችዲ-ቲ ቱርቦ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የመጣው 1ኤችዲ-ኤፍቲ በቱርቦው ላይ 24 ቫልቭ ጨምሯል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በስሜን ተራሮች ጨነቅ ላይ፣ 3,600 ሜትር ግድም፣ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ጉድለት በጉልበቱ ይከፍላል፤ ቱርቦ ያለው ግን አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል። ምርጫ ካላችሁ ለዚህ አገር ቱርቦውን ውሰዱ። አንድ የታወቀ ድካም ግን አለበት፦ 1ኤችዲ-ቲ ላይ የቢዬላ ብሮንዙ (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ኮሎው ላይ የሚያርፍበት ስስ ብረት) ቀድሞ ያልቃል፤ ሳይታወቅ ከቆየ ኮሎውን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ይበላል። ሞተሩን ማውረድ ሳያስፈልግ ከሥር የዘይት መያዣውን ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። ሻጩ መለወጡን በወረቀት ካላሳየ እንዳልተለወጠ ቁጠሩትና ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ላይ ስለ ታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ ስለሚያስማማው ቀበቶ፣ የሚያስጠነቅቅ መብራት አለ፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። መብራቱ ጠፍቶ ማየታችሁ ግን ቺንጋው አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ሳይለውጡ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ይህ ቺንጋ እየሠራ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ታሪኩን ካላወቃችሁ ከነማወጠሪያው ኩሽኔታ (ቀበቶውን ወጥሮ የሚዞረው ተሸካሚ) ለውጡት፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማይለቅ ቀለም ሽፋኑ ላይ ጻፉበት።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ በዓይናችሁ አመሳክሩ። ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ሞተር ተለውጦ መገኘቱ ያለ ነው፤ ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን ቦሎ ልታሳድሱ ስትሄዱ ችግሩ የእናንተ ይሆናል።

የመጀመሪያው ወር

መኪናው እጃችሁ እንደገባ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ሁሉ ለውጡ፤ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ (የዋናው ማርሽ ሳጥን)፣ የመካከለኛው ማርሽ ሳጥን፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል፣ የፍሬን፣ የመሪ፣ የራዲያተር። ሻጩ «ባለፈው ወር ተለውጧል» ቢላችሁም ለውጡ፤ ከዛሬ ጀምራችሁ የምትቆጥሩት የራሳችሁ መነሻ ያስፈልጋችኋል። ዲፈረንሻሉን ስትከፍቱ አንድ ነገር አትርሱ፦ መጀመሪያ መፍታት ያለበት የመሙያው ብሎን ነው። ዘይቱን አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታ ቢል መኪናው ባዶ ሆዱን ቆሞ ይቀራል።

የሚወጣውን ዘይት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተቀብላችሁ ፀሐይ ላይ አዩት። የዲፈረንሻል ማፍሰሻ ብሎን ጫፍ ላይ ያለው ማግኔት እንደ ጥቁር ጭቃ የላመ ነገር ቢይዝ የዕድሜ ነው። ስንጥር ብረት ከያዘ ግን ጥርስ ተሰብሯል። ቡና በወተት የመሰለ ዘይት ካያችሁ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ ምናልባት የቀድሞው ባለቤት ወንዝ ተሻግሮበታል።

ለሞተር ዘይት 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ተጠቀሙ፤ በአቧራና በአቀበት የሚሠራ ቱርቦ ሞተር ስለሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው ለውጡ። በዚሁ ወር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙና የጓንት ሳጥኑ ውስጥ አኑሩት። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የገባው ዕቃ ቁጥር። የኔ ደብተር ዛሬ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ የማልሰጠው ነገር ሆኗል።

የሞተሩ ማቀዝቀዣ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ፤ በዚህ ከተማ ያየኋቸው የሞቱ ሞተሮች አብዛኞቹ የሞቱት በሙቀት ነው።

በጎንደር ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ጨነቅ ላይ ወደ 88 ይወርዳል። የመኪና ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ታዲያ ውሃው የማይፈላው ለምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጤነኛ ክዳን በተራራው ጫፍም ቢሆን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያቆየዋል። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ምንም ሌላ ሕመም ሳይኖርበት አቀበት ላይ ውሃው ይፈላል።

ይህን የተማርኩት መኪናዬን በገዛሁ በሁለተኛው ወር ነው። ወደ ደባርቅ ስሄድ ከጎንደር ወደ ቆሶዬ በሚወጣው አቀበት ላይ የሙቀቱ መርፌ መሐል ላይ ጸጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ዳር ይዤ አጠፋሁት። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ፈትቼ አየሁት፤ የሌላ አነስተኛ መኪና ክዳን ነበር፤ አፉ ላይ ይገጥማል እንጂ የውስጡ ጎማ መቀመጫውን አይነካም። ከሁለት ሳምንት በፊት ራዲያተሩን ያጠበልኝ ጋራዥ ቀይሮት ኖሯል። በዚያች ትንሽ ዕቃ የተነሳ ቴስታታዬ ሊጣመም ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፈትታችሁ የታችኛውን ጎማ በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፤ ካልተለጠጠ ወይም ዙሪያውን የተሰመረ ጎድጓዳ ካለው ይጣል። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ብዙውን ጊዜ 0.9 ነው። ሞተሩ ሙቅ ሳለ ግን ፈጽሞ አትክፈቱት፤ በግፊት የተያዘው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ቀጥሎ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ለዓመታት ሲዞር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ዝቃጭ ይተዋል፤ ብረቱንም ያዝጋል። ግማሽ በግማሽ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውሃ ቀላቅላችሁ ሙሉ። የተጣራ ውሃ ማለት ለባትሪ የሚሸጠው ነው፤ አሲድ አለመሆኑን ጽሑፉን አንብባችሁ አረጋግጡ፤ ጠርሙሶቻቸው ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስትሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ ሞተሩን አስነሱና አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ጨምሩ። አየር ውስጡ ከቀረ አንድ የሞተሩ ጥግ ሳይቀዘቅዝ ይሠራል።

ሦስተኛው ማራገቢያው ነው። በመካከሉ ሲሊኮን ፈሳሽ የያዘ መያዣ አለ፤ ሲሞቅ ጠንከር ብሎ ማራገቢያውን ይጎትታል። ከረጅም መንገድ ስትመለሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሙሉ በሙሉ መቆሙን አይታችሁ፣ ማራገቢያውን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ከባድ ሆኖ ከታገላችሁ ጤነኛ ነው፤ አንድ ዙር በነፃ ከዞረ ፈሳሹ አልቋል። አራተኛው በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰር መካከል ያለው ክፍተት ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሣር ዘርና ገለባ እዚያ ገብቶ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ለስለስ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ስሶቹን የራዲያተር ቅጠሎች ያጎብጣቸዋል።

በመጨረሻ፣ የክሩስኮቱን የሙቀት መርፌ አትመኑት። የዚህ ሞዴል መርፌ ሰፊ በሆነ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም የተሠራ ነው፤ ከፍ ማለት ሲጀምር ሞተሩ አስቀድሞ ከልክ በላይ ግሏል። ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ አስገጥሙ። ለዚህ መኪና ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያልተጸጸትኩበት ይህ ነው።

ፍሬን

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ሊማሊሞን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ ፈልፍለው ነው ያወጡት። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ይወርዳል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሊወርድ አይገባም። ሕጉ ቀላል ነው፦ አቀበቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው መያዣውን ሁለት ወይም ኤል ላይ አድርጉ። ፍሬን ስትይዙ ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ይዛችሁ ልቀቁት፤ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፋችሁ አትጓዙ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ያጣምማል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፤ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ለውጡት፤ እኔ ሁልጊዜ ክረምቱ እንዳለቀ መስከረም ላይ አደርገዋለሁ። ሌላም ከከፍታው ጋር የሚመጣ ጉዳይ አለ፤ ፍሬን የሚያግዘው ቫኩም ጉልበቱን የሚያገኘው ከውጪው አየር ግፊት ነው። ግፊቱ በተራራው ላይ ሲቀንስ እገዛውም ይቀንሳልና ጨነቅ ላይ ፔዳሉ ከወትሮው ጠንከር ቢል አትደንግጡ። እገዛው በራሱ መዳከሙን ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ አስነሱ። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል።

የፊት አክስሉ ኳስ

ከፊት ጎማዎች ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁለት እጅ ሙሉ የሚሆን፣ የተወለወለ የብረት ኳስ ታያላችሁ። መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው የሚዞረው በዚህ ኳስ ላይ ነው፤ በውስጡ ደግሞ ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ጆንት ወፍራም ጥቁር ግሪስ ውስጥ ተቀምጧል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ቀጭን ዘይት ከዚህ ግሪስ የሚለየው አንድ የዘይት መግቻ ጎማ ብቻ ነው። ያ ጎማ ሲያልቅ ዘይቱ ኳሱ ውስጥ ይገባል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ቀስ እያለም ወደ ውጭ ይወጣል።

ኳሱን በየሳምንቱ በጨርቅ ጠርጉትና ጨርቁን አሽትቱት። ስስ የግሪስ ወዝ ትክክለኛ ነው፤ ኳሱ ደረቅ ሆኖ ከዛገ ይልቁንም ያ መጥፎ ነው። እንደ ሾርባ ቀጥኖ የሚንጠባጠብ፣ ድኝ ድኝ የሚል የማርሽ ዘይት ሽታ ያለው ከሆነ መግቻው አልቋል። የጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ዘይት ተረጭቶ ካያችሁ ፍሬን ሸራው ጋ ሳይደርስ ቶሎ አስከፍቱ። በደምቢያ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ውስጥ ከተነዳ በኋላ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡት፤ ዋልካ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክርና ኳሱን የሚጠርገውን ላስቲክ ይቆርጠዋል።

ሥራው በደንብ ሲሠራ ለአንድ ጎን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሲከፈት አጠገቡ ቁሙ። መካኒኩ ሁሉንም ነገር በናፍጣ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ መግቻዎቹን በአዲስ ተክቶ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ኩሽኔታዎች መርምሮ፣ ሞሊብዲነም ያለበትን ግሪስ መልሶ መሙላት አለበት። የኳሱ ኩሽኔታዎች ጥብቀት የሚስተካከለው በስስ የብረት ወረቀቶች ነው፤ መሪው የተያያዘበትን ክንድ በስፕሪንግ ሚዛን ስቦ የሚለካ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት። የኔው መካኒክ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ቀን «ጋሼ፣ በእጅዎ ብቻ አይታወቅም?» ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እጄ ጧትና ማታ አንድ አይደለም፤ ሚዛኑ ግን አንድ ነው» አሉኝ።

መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ስትነዱ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጆንቱ ተበልቷል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሩ። ወደ ፊት ስትነዱ ኳሶቹ የሚገፉት የመንገዳቸውን አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ሲዛወሩ ያልተበላው ወገን ሥራ ይጀምራል፤ ብዙ ዕድሜ ይጨምርላችኋል። በዚያው አጋጣሚ የጎማውን ኩሽኔታ ግሪስ ሙሉለት። ዳዶውን ለመፍታት 54 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋል፤ በመዶሻና በመሮ የሚፈታ ሰው ካያችሁ በትሕትና አስቁሙት፤ ዳዶውም ጥርሱም ይበላሻል።

አቧራና ናፍጣ

የአየር ፊልትሮውን ስትከፍቱ የወረቀቱን ንጽሕና ብቻ አትዩ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ውስጡን ጥረጉት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ቀይ ወይም ግራጫ ዱቄት ከያዘ አቧራው በሆነ ቀዳዳ ፊልትሮውን አልፎ ቱርቦውንና ሲሊንደሩን እየሞረደ ነው፤ መቋጠሪያ ቀለበቶቹንና የቱቦውን ስንጥቅ ፈልጉ። ፊልትሮውን በአየር ስታጸዱ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ግፊት ይሁን።

ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ መግዛት የማይቀርበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ናፍጣውን ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ትንሽ ቀድታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት፤ ውሃ ካለው ሥር ይዘቅጣል። የነዳጅ ፊልትሮው ሥር ውሃ ማፍሰሻ አለው፤ በክረምት በየወሩ ትንሽ ክፈቱትና ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ፤ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ገፍታችሁ አየሩን አስወጡ። ማስጠንቀቂያው መብራት በርቶ አንድ ቀንም አትንዱ፤ ውሃ የናፍጣ ፓምፑን ካዛገው የጥገናው ወጪ ከብዙ በርሜል ናፍጣ ይበልጣል።

ቱርቦ ያለው ሞተር አቀበት ወጥቶ እንደቆመ አይጠፋም። ሁለት ደቂቃ ባለበት ይሥራ፤ የጋለው ቱርቦ የሚቀዘቅዘው በሚዞረው ዘይት ነው።

ምቾቱ

ቆዳውን በወር አንድ ጊዜ እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ሳሙና፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የቆዳ ቅባት ይበቃዋል። የበጋው ደረቅ አየርና ፀሐይ ቆዳውን የሚሰነጥቀው ስፌቱ ላይ ጀምሮ ነውና ቅባቱን እዚያ አጥብቁ። መኪናውን ፀሐይ ላይ ስታቆሙ የፊት መስታወቱን ጋርዱ።

በጣሪያው መክፈቻ አራት ማዕዘን ላይ ውሃ የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ሰኔ ሳይገባ ጣሪያውን ከፍታችሁ በእያንዳንዱ ማዕዘን ግማሽ ስኒ ውሃ አፍስሱና ከመኪናው ሥር መውረዱን ተመልከቱ። ካልወረደ በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ አጽዱት እንጂ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ሽቦ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ያላቅቀዋል፣ ውሃውም ወደ ጣሪያው ጨርቅና ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ ይሄዳል። የአየር ማቀዝቀዣውን በብርዱ ወራትም በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ አብሩት፤ የኮምፕሬሰሩ ጎማዎች እንዳይደርቁ ዘይቱ መዞር አለበት።

ዕቃ መግዛት

መለዋወጫ በቁጥሩ እንጂ በስሙ አትጠይቁ። «የቪኤክስ ዘይት መግቻ» ብላችሁ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሰው ብትልኩ ሦስት ዓይነት ይዞላችሁ ሊመጣ ይችላል፤ ዕቃው ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መጥቶ አልገጥም ሲል ጊዜውም ገንዘቡም ይቃጠላል። በሻንሲ ቁጥራችሁ የዕቃውን ቁጥር አስወጡ፣ አሮጌውን በሁለት በኩል ፎቶ አንሱ፣ ሁለቱንም ላኩ። መግቻ ጎማ፣ ኩሽኔታና ታይሚንግ ቺንጋ ላይ ዋናውን ወይም የታወቀ የጃፓን አምራች ግዙ። መስታወት ማውረጃ፣ የበር እጀታ፣ የውስጥ ፕላስቲክ ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለውጡ፤ አሮጌው አዲሱን ይገድለዋል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ በስሜን ድንጋይ ላይ በጎኑ ይፈነዳል።

ወደ ስሜን ሄዶ መመለስ

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነት ከዚያው በቅርቡ ከተመለሰ ሹፌር ጠይቁ። ደባርቅ ላይ ናፍጣ ቢኖርም ባይኖርም ከጎንደር ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው፤ ፈቃዱንና ጠባቂውን ከዚያ ይዛችሁ ትገባላችሁ። በፓርኩ ውስጥ ካለው ሳንቃ በር ካምፕ በኋላ በጠጠሩ መንገድ ላይ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀንሱ፤ ስትመለሱ አስፋልት ሳትይዙ መልሳችሁ ሙሉ። ማለዳ ብርዱ ስለሚበረታ የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠብቃችሁ አስነሱ፤ ነዳጅ ሳትረግጡም ለጥቂት ደቂቃ ተውት።

ጎንደር እንደገባችሁ፣ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት፣ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ። ሰው ሁሉ ደክሞት ሲወርድ እናንተ መኪናውን አንድ ዙር ዙሩና የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጉ፤ ቸርኬውን አትንኩ፣ አስጠጉ ብቻ። አራቱም ሞቃት ይሆናሉ፤ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ትንሽ ይበልጣሉ። ከፊት ሁለቱ አንዱ፣ ወይም ከኋላ ሁለቱ አንዱ፣ ከጓደኛው ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። የትኛው ጎማ እንደሆነ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ደብተሩ ላይ ጻፉና ነገ ጧት ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ መካኒኩ ጋ ውሰዱት።